መንፈሱ የተናገረው አድራሻ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1978 እሁድ ነበር። ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ አጠገብ ዛፖሊኖ በምትባል ቦታ፣ አንድ የገጠር ቤት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተሰብስበዋል። ውጭ ይዘንባል። ትልልቆቹ የሚያደርጉት ሲያጡ ጠረጴዛ ላይ ፊደላት ደረደሩ፣ መሐል ላይ የስኒ ሳህን አስቀመጡ፣ ጣታቸውን ሳህኑ ላይ ጣል አደረጉና ሙታንን መጥራት ጀመሩ።

ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ አልዶ ሞሮ የት ነው የታሰረው?

ሳህኑ ተንቀሳቀሰ። ከፊደል ወደ ፊደል እየሄደ ቃል ሠራ። መጀመሪያ ላይ ትርጉም የለሽ ነገር ነበር፤ በኋላ ግን ሦስት የቦታ ስሞች ወጡ፦ ቦልሴና፣ ቪተርቦ፣ ግራዶሊ። ካርታ አወጡና አዩ። ግራዶሊ የምትባል ትንሽ መንደር በእርግጥ አለች፤ ቪተርቦ አውራጃ ውስጥ፣ ቦልሴና ሐይቅ አጠገብ።

ይሄ የፌስቡክ ተረት አይደለም። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በ1981 የጣሊያን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው የሰጡት ቃል ነው። ሰዎቹም ተራ ሰዎች አይደሉም። አንደኛው ሮማኖ ፕሮዲ ነው፤ ያኔ የ38 ዓመት የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር፣ በኋላ ሁለት ጊዜ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በመካከሉም የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት። የቤቱ ባለቤት አልቤርቶ ክሎ በኋላ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነ። እዚያው የነበረው ማሪዮ ባልዳሳሪም ምክትል የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኗል።

ሙታንን እያነጋገረ ከመጋረጃ ጀርባ ፖለቲካ የሚያሽከረክር ምስጢራዊ ማኅበር በልብ ወለድ፣ በፊልም፣ በቪዲዮ ጌም ሞልቷል። ከእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ለዚህ በጣም የሚቀርበው ይህ የዛፖሊኖ ጠረጴዛ ይመስለኛል። ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የሚያስፈራው ነገር መናፍስቱ አይደሉም። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ፣ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ሆኖም ይህ ጉዳይ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ዓይነት ችግር አለበት። መረጃው ደርሷል፤ ማን እንደላከው ግን አይታወቅም።

ሃምሳ አምስት ቀን

ወደኋላ እንመለስ። ማርች 16 ቀን 1978 ጠዋት፣ ሮም ውስጥ ቪያ ፋኒ በሚባል መንገድ ላይ ቀይ ብርጌዶች የሚባሉ የግራ ክንፍ ታጣቂዎች የአልዶ ሞሮን መኪና አስቁመው አምስት ጠባቂዎቹን ገደሉና እሱን ይዘው ጠፉ። ሞሮ ከዚያ በፊት አምስት ካቢኔ የመራ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የገዢው የክርስቲያን ዴሞክራሲ ፓርቲ ሊቀመንበር። ያን ቀን ወደ ፓርላማ እየሄደ ነበር። በጁሊዮ አንድሬዮቲ የሚመራው አዲስ መንግሥት በኮሚኒስት ፓርቲው ድጋፍ ሊጸድቅ ነው፤ ሁለቱን ባላንጣዎች ለማቀራረብ ለዓመታት የለፋው ደግሞ ሞሮ ነው።

ስሙ ከእኛ ቀይ ሽብር ጋር እንዳያምታታችሁ። ዘመኑ አንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት በየመንገዱ የሚገደልበት ወቅት። ግን እዚህ «ቀይ» ብሎ ሽብሩን ያወጀው መንግሥት ራሱ ነበር። እዚያ መሣሪያ ያነሳው መንግሥትን የሚቃወም ኅቡዕ ቡድን ነው።

የጣሊያን መንግሥት ከአሸባሪ ጋር አንደራደርም አለ። ሞሮ ከታሰረበት ሆኖ ለፓርቲው ጓዶች፣ ለቤተሰቡ፣ ለጳጳሱ በርካታ ደብዳቤ ጻፈ፤ አውጡኝ አለ። ጓዶቹ «ይህን የጻፈው ተገዶ ነው፣ የእሱ ሐሳብ አይደለም» ብለው ዝም አሉ። በአገሪቱ ኬላ ቆመ፣ ቤት ለቤት ፍተሻ ተካሄደ፣ ሺህ በሺህ መኪና ተበረበረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ኮሲጋ የቀውስ ኮሚቴዎች አቋቁሞ ፍለጋውን ይመራል። ሞሮ ግን የለም።

«ግራዶሊ» የሚለው ቃል የመጣው እዚህ መሐል ነው።

መንደር ወይስ መንገድ?

ፕሮዲ ከሁለት ቀን በኋላ ሮም ሲሄድ ነገሩን ለፓርቲው ዋና ጸሐፊ የፕሬስ ኃላፊ ነገረው። ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተላለፈ፣ ማስታወሻ ተጻፈ፣ ለፖሊስ አዛዡ ደረሰ። ኤፕሪል 6 ቀን የታጠቀ ኃይል ግራዶሊ መንደር ገብቶ ቤቱን፣ ጎተራውን፣ ጓዳውን በረበረ። ምንም አልተገኘም።

አሁን ልብ በሉ። ሮም ከተማ ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ካሲያ ከሚባለው ጎዳና የሚገነጠል አጭር መንገድ አለ። ስሙ ቪያ ግራዶሊ ነው። «ቪያ» ማለት በጣሊያንኛ መንገድ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ቁጥር 96 ሕንፃ ውስጥ አንድ አፓርታማ «ቦርጊ» የሚባል ሰው ተከራይቶት ነበር። ቦርጊ የውሸት ስም ነው፤ ሰውየው ማሪዮ ሞሬቲ ነበር፣ የአፈናው ዋና መሪ።

ይባስ ብሎ ፖሊስ እዚያ ሕንፃ ገብቶ ያውቃል። ማርች 18፣ አፈናው ከተፈጸመ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በፍተሻ ላይ የነበሩ ፖሊሶች የዚያን አፓርታማ በር አንኳኩ። የከፈተ ሰው የለም። በሩን ሳይሰብሩ ጥለውት ሄዱ። ማለትም «ግራዶሊ» የሚለው ቃል ከመናፍስቱ በፊት በፖሊስ እጅ ነበረ። ሁለት ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተቀምጧል፤ አንዱን ከአንዱ ያገናኘ ሰው ግን የለም። በኮድ ቢሆን የአንድ መስመር ጥያቄ ነው።

የሞሮ ባለቤት በኋላ እንደመሰከረችው፣ የመንደሩን ፍተሻ ስትሰማ «ሮም ውስጥስ ግራዶሊ የሚባል መንገድ የለም ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የለም ተባለች። መንገዱ ግን ካርታ ላይ ነበር።

አፓርታማው የተገኘው ኤፕሪል 18 ነው፤ ያውም በመርማሪ ብልሃት ሳይሆን በውሃ። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ክፍት ተትቶ ፈሶ ወደ ታችኛው ቤት ሲንጠባጠብ፣ ጎረቤት እሳት አደጋ ጠራ። እሳት አደጋዎቹ ገብተው ሲያዩ የጦር መሣሪያ፣ የደንብ ልብስ፣ የቀይ ብርጌዶች ወረቀት ሞልቶታል። ውሃው በስህተት ነው የተተወው ወይስ ሆን ተብሎ ቤቱ እንዲገኝ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዜናው ወዲያው ስለተሰራጨ ሞሬቲ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በዚያው ዕለት ደግሞ «የሞሮ አስከሬን ዱኬሳ ሐይቅ ውስጥ ነው» የሚል መግለጫ ወጣ፤ ጠላቂ ዋናተኞች በረዶ የያዘ ሐይቅ ሲፈትሹ ዋሉ። መግለጫው ፎርጅድ ነበር።

ሞሮ ራሱ ቪያ ግራዶሊ አልነበረም። የታሰረው እዚያው ሮም፣ ቪያ ሞንታልቺኒ በሚባል ሌላ መንገድ ነው። ግን ሞሬቲ በሁለቱ ቤቶች መካከል ይመላለስ ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን ፖሊስ መንደሩን ትቶ ከመንገዱ ዳር በዝምታ ቆሞ ቢጠብቅ ኖሮ፣ ሰውየውን ተከትሎ ሞሮ ዘንድ የሚደርስበት ዕድል ነበረው። ከዚያ በኋላም አንድ ወር ቀርቶ ነበር። ሜይ 9 ቀን የሞሮ አስከሬን በአንድ ቀይ ሬኖ 4 መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተገኘ፤ መኪናዋ የቆመችው ከሁለቱ ፓርቲዎች ዋና ጽሕፈት ቤቶች ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ነው።

ሳህን የማያውቀውን አይናገርም

እሺ፣ ቃሉ ከየት መጣ?

ሳህኑ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ሳይንስ ካወቀ ቆይቷል። በ1853 ማይክል ፋራዴይ፣ አዎ፣ ፊዚክስ ላይ የምናውቀው ፋራዴይ፣ በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ፋሽን የነበረውን «ጠረጴዛው በራሱ ይሽከረከራል» የሚለውን ነገር ፈተሸ። ከተቀማጮቹ እጅ ሥር የሚንሸራተቱ የካርቶን ንብርብሮች አደረገ። ውጤቱ፦ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጅ ነው፣ ጠረጴዛው ይከተላል። የእጃቸውን ግፊት የሚያሳይ ጠቋሚ ፊት ለፊታቸው ሲያቆምላቸው ደግሞ እንቅስቃሴው ቀረ። ሰዎቹ አይዋሹም ነበር። ሳያውቁት ነው የሚገፉት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዊልያም ካርፔንተር የተባለ ሐኪም ለዚህ ዓይነቱ ሳይታወቅ በሐሳብ የሚነሳ እንቅስቃሴ ስም ሰጥቶታል።

ከዚህ አንድ ቀላል ነገር ይከተላል። ሳህኑ ላይ ካሉት ጣቶች ቢያንስ የአንዱ ባለቤት የማያውቀውን ቃል ሳህኑ ሊጽፍ አይችልም። መረጃ ከባዶ አይፈጠርም።

«በአጋጣሚ ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሞሮ በሚያወራበት ወቅት፣ የሆነ ሰው ከዓመታት በፊት ያየው የመንገድ ምልክት ትዝ ቢለውስ? ሊሆን ይችላል። ግን ጣሊያን ውስጥ ካሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው የመንደርና የመንገድ ስሞች መካከል፣ የአፈናው መሪ የተኛበት መንገድ ስም፣ እሱ እዚያ እየኖረ ሳለ፣ በዝናብ ቀን ጨዋታ መውጣቱ ለማመን ይከብዳል። የተቀመጡት ሰዎች ማናቸውም ግራዶሊ የሚባል ቦታ እንደማያውቁ መስክረዋል። ፕሮዲም ቃሉን አልለወጠም፤ ጨዋታ ነበር፣ ስሙ ወጣ፣ ካርታ ላይ ስናገኘው ማሳወቅ ግዴታችን መሰለን ነው የሚለው። ይህን ውሸት ነው ብሎ ያረጋገጠ ፍርድ ቤት የለም።

ሌላው መላ ምት ግን ጣሊያን ውስጥ በሰፊው የሚታመነው ነው። ቦሎኛ በዚያን ዘመን የግራ ክንፍ ተማሪዎች ማዕከል ነበረች። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በማርች 1977፣ ፍራንቼስኮ ሎሩሶ የሚባል ተማሪ በካራቢኒየሪ ጥይት ተገድሎ ከተማዋ ተናውጣ፣ ኮሲጋ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ልኮባታል። በዚህ ከተማ መምህር መሆን ማለት፣ ከተማሪህ አንዱ የአንድ ታጣቂ ወንድም ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንድሬዮቲ ራሱ ከዓመታት በኋላ መረጃው ከቦሎኛ አክራሪ ግራ ክንፍ ክበብ የመጣ ይመስለኛል፣ የመናፍስቱ ነገር ምንጩን ለመሸፈን ነው ብሏል።

የሙት ምስክር ጥቅም

ይህ እውነት ከሆነ፣ ሳህኑ ምን ሥራ እንደሠራ ተመልከቱ።

ሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አለ። አምስት ሰው በአንድ የጋራ አካውንት ሰርቨር ላይ ይገባል። አንድ ቀን የሆነ ፋይል ይጠፋል። ሎጉን ስትከፍቱት «አድሚን» ይላል። ማን ነው አድሚን? ሁሉም፤ ማንም። የዛፖሊኖ ሳህንም እንዲሁ ነው። ብዙ ጣት አንድ ላይ ተደርቦ፣ አንዱ እንኳ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ሳይል፣ ቃል ይወጣል። ላኪውን ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በ1978 ማግኘት ይከብዳል።

ለሚደበቀው ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። የቀይ ብርጌዶችን መደበቂያ ለፖሊስ የጠቆመ ወጣት ጓዶቹ ካወቁት ይገድሉታል፤ ፖሊስ ካወቀው ደግሞ ያስረዋል። ሙታን ግን አይገደሉም፣ አይታሰሩም፣ መጥሪያም አይደርሳቸውም። ያን ቀን ከተጠሩት መንፈሶች አንዱ የቀድሞው የፍሎረንስ ከንቲባ ጆርጆ ላ ፒራ፣ ሌላው የካቶሊክ ፖለቲካ አባት የሚባሉት ቄስ ሉዊጂ ስቱርዞ እንደነበሩ ይነገራል። ሁለቱም የተከበሩ፣ ሁለቱም ሟች፤ ምስክርነታቸውን ማንም መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅበት አይችልም።

ዋጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ምንጭ የሌለው መረጃ ተከታይ ጥያቄ አይጠየቅም። ሕይወት ያለው ጠቋሚ ቢሆን ኖሮ አንድ መርማሪ አምስት ደቂቃ አስቀምጦት «መንደሩን ነው መንገዱን? ቁጥሩ ስንት ነው? አንተ እንዴት አወቅህ?» ይለዋል። ሳህንን ማን ይጠይቃል? ደግሞ «ቪተርቦ» እና «ቦልሴና» የሚሉት ቃላት አብረው መምጣታቸው ነገሩን አበላሸው። ምናልባት አንዱ ጣት «ግራዶሊ» ብሎ፣ ሌሎቹ ጣቶች በጂኦግራፊ እውቀታቸው የሚያውቁትን ሞሉበት። ምናልባት በሌላ መንገድ ሆነ። ለማንኛውም ትክክለኛው ቃል በተሳሳተ ዓውድ ተጠቅልሎ ደረሰ፤ ፖሊስም ዓውዱን አምኖ ቃሉን ጣለው።

ምንጩን መደበቅ ምናልባት አንድ ሰው አድኗል። ምናልባት ሌላ ሰው ገድሏል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ እኔ ግን ታሪኩ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

እውነተኛው ማኅበር

ፕሮዲ ለኮሚሽኑ ቃሉን ከመስጠቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ማርች 17 ቀን 1981፣ የሚላን መርማሪ ዳኞች የአንድ የባንክ ማጭበርበር ዱካ ተከትለው የሊቾ ጄሊ ንብረት የሆኑ ቦታዎችን አስፈተሹ። ጄሊ በይፋ ነጋዴ ነበር፤ በምስጢር ደግሞ «ፕሮፓጋንዳ ዱዌ» ወይም ፒ-2 የሚባል የፍሪሜሶን ሎጅ መሪ። ካዝናው ውስጥ የአባላት ዝርዝር ተገኘ፦ 962 ስም። ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባላት፣ ጄኔራሎች፣ የባንክ ሰዎች፣ የትልቁ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ ያኔ ሕንፃና ቴሌቪዥን ላይ ይሠራ የነበረው ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ። የስለላ ድርጅቶቹ ኃላፊዎችም ነበሩበት። ኮሲጋ ሞሮን እንዲፈልጉ ካሰባሰባቸው የቀውስ ኮሚቴ አባላት መካከል በርካቶቹ ስማቸው እዚያ ዝርዝር ላይ ተገኘ።

ዝርዝሩ ይፋ ሲሆን መንግሥት ወደቀ። በ1982 ምስጢራዊ ማኅበራትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በቲና አንሴልሚ የሚመራ የፓርላማ ኮሚሽን ጉዳዩን ለዓመታት መረመረ። ይህ ማለት ሞሮን የገደለው ፒ-2 ነው ማለት አይደለም። የገደሉት ቀይ ብርጌዶች ናቸው፤ ሞሬቲ ራሱ አምኗል። ግን «ከመጋረጃ ጀርባ መንግሥት የሚያሽከረክር ማኅበር» የምንለው ነገር በእውነት ሲገኝ ምን እንደሚመስል አየን። ሻማ የለውም፣ ሳህን የለውም፣ ሙታን አይጠራም። የስም ዝርዝር፣ ስልክ፣ ሹመት፣ ብድር ነው ያለው።

የሚገርመው፣ ሁለቱ ዓለሞች የተገናኙበት አንድ ሰው አለ። የፒ-2 ዝርዝር ላይ ሆሴ ሎፔዝ ሬጋ የሚል የአርጀንቲና ስም ይገኛል። ይህ ሰው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ፖሊስ ነበር፣ ስለ ኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የጻፈ፤ ኋላ የፕሬዚዳንት ፔሮንና የሚስቱ የኢዛቤል የግል ጸሐፊ ሆነ። ሕዝቡ «ጠንቋዩ» ነበር የሚለው። የሟቿን የኤቪታን መንፈስ ወደ ኢዛቤል ለማስተላለፍ ሥርዓት ይፈጽም ነበር ይባላል። ሰው ሲስቅበት ግን እሱ ሚኒስትር ሆኖ «ሦስቱ ኤ» የሚባለውን ገዳይ ቡድን አደራጀ፤ ቡድኑ በርካታ ሰዎችን ገድሏል። ሎፔዝ ሬጋ ሥልጣኑን ያገኘው ከመናፍስት አይደለም፤ ወደ ፕሬዚዳንቷ የሚያስገባውን በር ስለያዘ ነው። ጥንቆላው ሰው ያንን በር እንዳያይ የሚያደርግ ጭስ ነበር።

እኛም ጋ ይህ ጭስ እንግዳ አይደለም። የትኛውም ዘመን ቤተ መንግሥት ይነሳ፣ «ጠንቋይ አለው»፣ «ደብተራ ያማክረዋል»፣ «ቃልቻ ቤት ይሄዳል» የማይባል መሪ ያለ አይመስለኝም። ሳኦልም መናፍስት ጠሪዎችን ከአገር አባርሮ ሲያበቃ ራሱ በሌሊት ልብሱን ለውጦ ዓይንዶር ወደምትኖረው ሴት እንደሄደ እያነበብን ነው ያደግነው። ወሬው ይጥማል፤ ምክንያቱም ሁሉንም ነገር በአንዴ ይገልጻል፣ ከእኛም ምንም አይጠይቅም። «ማን ሾመው? ማን ከፈለው? ይህን መረጃ ማን ነገረው?» ብሎ መከታተል ግን አድካሚ ነው፤ አንዳንዴም ያስፈራል።

የጣሊያን ፓርላማ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 ሌላ የሞሮ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ መዝገቡን እንደገና ከፍቷል። ዛፖሊኖ ላይ ያን ቃል ያወጣው ጣት የማን እንደነበር አልታወቀም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። ቪያ ግራዶሊን ያጋለጠው ውሃ ኮርኒስ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ነገሩን ከሥሩ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ኤፕሪል 6 ላይ፣ ወታደር መኪና ላይ ከመሳፈሩ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፦ «ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማው ማን ነው?»